የእርከንና የክትር ገንዘብ ከየት ይገኛል? በአዲስ አበባ ዙሪያ ለሚያርሱ የተዘጋጀ መመሪያ

በሱሉልታ፣ በሰንዳፋ፣ በሆለታ፣ በሰበታ ወይም በአቃቂ ዙሪያ የሚያርስ ሰው አፈሩ እየታጠበ መሆኑን የሚነግረው ባለሙያ አያሻውም። ከሐምሌ ዝናብ በኋላ ከማሳው ግርጌ የሚወጣውን ውኃ ቀለም ማየት ይበቃዋል። የሚያስቸግረው ቀጥሎ ያለው ነው። እርከኑን ለመሥራት፣ ቦረቦሩን ለመክተር፣ የወንዙን ዳር በሳር ለመሸፈን ወጪው ከየት ይምጣ? ይህን የምጽፈው ለአርሶ አደሩ ራሱ፣ ለኅብረት ሥራ ማኅበራት አመራሮች፣ እንዲሁም ከተማ ተቀምጠው የወላጆቻቸውን ማሳ ለሚያግዙ ልጆች ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበል። ከአፈርና ውኃ ጥበቃ ወጪ ትልቁ ክፍል ጉልበት ነው፤ ጉልበት ደግሞ መንደሩ ውስጥ አለ። ገንዘብ የሚጠየቀው ጉልበት ሊተካው ለማይችለው ነገር ብቻ ሲሆን ጥያቄው ያንሳል፣ ሰሚም ያገኛል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው።

1. ውኃዎ ወዴት እንደሚወርድ ይወቁ

የእንጦጦ ሰንሰለት የሁለት ተፋሰሶች ድንበር ነው። በሰሜን በኩል ያለው የሱሉልታ ሜዳ ውኃ ወደ ሙገር፣ ከዚያም ወደ ዓባይ ይሄዳል። በደቡብ በኩል የሚወርደው በትልቁና በትንሹ አቃቂ አድርጎ አባ ሳሙኤል ይገባና ወደ አዋሽና ወደ ቆቃ ይቀጥላል። በሰንዳፋ በኩል የሚታረሰው መሬት ብዙው ወደ ለገዳዲና ወደ ድሬ ግድቦች ያዘነብላል። ከቡራዩ በስተ ምዕራብ ደግሞ ገፈርሳ አለ። ሦስቱም የአዲስ አበባን ሕዝብ የሚያጠጡ ናቸው። ከእርስዎ ማሳ የሄደው አፈር እዚያ ሲደርስ ግድቡን ይሞላል፤ ውኃውን ለማጣራት የሚወጣውንም የኬሚካል ወጪ ይጨምራል።

ይህን ማወቅ ለገንዘብ ጥያቄው ምን ይጠቅማል? ሰው የሚከፍለው ለራሱ ችግር ነው። በማመልከቻዎ ላይ «ማሳዬ ተሸርሽሯል» ብለው ቢጽፉ ችግሩ የእርስዎ ብቻ ይሆናል። «ይህ ዳገት ውኃውን የሚያወርደው ወደ ለገዳዲ ግድብ ነው» ብለው ቢጽፉ ግን የሚሰማዎት ሰው ይበዛል። ስለዚህ ከማሳዎ ጀምረው ውኃውን ተከትለው ይውረዱ። በመንገድ ላይ ያለውን ድልድይ፣ የመስኖ ቦይ፣ ምንጭ፣ የታሸገ ውኃ ፋብሪካና የአበባ እርሻ ሁሉ በወረቀት ላይ ያስፍሩ። ኋላ የምታመለክቱላቸው ሰዎች ዝርዝር እሱ ነው።

2. ማሳውን ይለኩ፣ ሥራውን ወደ ቁጥር ይለውጡ

ብዙ ጥያቄዎች ወድቀው የሚቀሩት እዚህ ላይ ስለሆነ ጊዜ ወስደን እንየው።

ለመለካት የሚያስፈልገው ቁመታቸው እኩል የሆነ ሁለት ዘንግ፣ 10 ሜትር ሲባጎና ግንበኞች የሚጠቀሙበት በገመድ ላይ የሚንጠለጠል ውኃ ልክ ነው። አንዱ ሰው ከላይ፣ ሌላው ከታች ቀጥ ባለው ቁልቁለት ላይ ይቆማሉ። ውኃ ልኩ በሲባጎው መካከል ይንጠለጠላል። የላይኛው ሰው ሲባጎውን ከዘንጉ እግር ላይ ይይዛል፤ የታችኛው ሰው በውኃ ልኩ ውስጥ ያለችው የአየር አረፋ መሐል እስክትቆም ድረስ ሲባጎውን በዘንጉ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች ያንሸራትታል። ሲባጎው ከመሬት አንድ ሜትር ከፍ ብሎ ከቆመ ተዳፋቱ 10 በመቶ ነው፤ ግማሽ ሜትር ከሆነ 5 በመቶ። ይህን በማሳው ሦስት ወይም አራት ቦታ ላይ ይድገሙት፤ የማሳ ተዳፋት ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት አይደለምና።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ማሳዎ ሁለት ጥማድ፣ ማለትም ግማሽ ሄክታር ነው እንበል፤ ወርዱ 50 ሜትር፣ ወደ ቁልቁለቱ ያለው ርዝመት 100 ሜትር፣ ተዳፋቱ 10 በመቶ። በአንዱ እርከንና በሚቀጥለው መካከል የአንድ ሜትር የከፍታ ልዩነት እንዲኖር ካደረጉ እርከኖቹ በየ10 ሜትሩ ይወድቃሉ። ይህ ባለ 50 ሜትር አሥር መስመር ነው፤ በድምሩ 500 ሜትር እርከን። ግብርና ሚኒስቴር በሚጠቀምበት የሥራ መለኪያ አንድ ኪሎ ሜትር የአፈር እርከን 150 የሰው ቀን (አንድ ሰው በአንድ ቀን የሚሠራው ሥራ)፣ ፋንያ ጁ (የተቆፈረው አፈር ወደ ላይ የሚጣልበት እርከን) 200፣ የድንጋይ እርከን 250 የሰው ቀን ይፈጃል። የእርስዎ 500 ሜትር የአፈር እርከን ስለዚህ 75 የሰው ቀን ነው። በአካባቢዎ የቀን ሠራተኛ ዋጋ 400 ብር ቢሆን 30,000 ብር ማለት ነው። ይህ ገንዘብ ከማንም አይጠየቅም። በማመልከቻው ላይ ግን «የአርሶ አደሩ መዋጮ» ተብሎ በብር ተተምኖ መግባት አለበት። ብዙ ለጋሾች አመልካቹ የራሱን ድርሻ እንዲያሳይ ይፈልጋሉ፤ እኛ ዘንድ ድርሻው በላብ መዋጣቱ ዋጋውን አያሳንሰውም።

ጥቁር መረሬ ወይም ዋልካ መሬት ላይ ከሆኑ ፍጹም አግድም የሆነ እርከን አይሥሩ። ውኃውን አቁሮ ሰብሉን ያበሰብሰዋል። በትንሹ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ፣ ትርፉን ውኃ ወደ መውረጃ ቦይ የሚያደርስ ይሁን። ያ መውረጃ ቦይ በሳር ካልተሸፈነ ግን በሁለት ክረምት ራሱ ቦረቦር ይሆናል፤ ወጪው ውስጥ አብሮ ይታሰብ።

ቀጥሎ በገንዘብ የሚገዛውን ለይተው ይጻፉ። የእርከኑን ጀርባ የሚይዘው ሳር አንዱ ነው። ለዚህ አገር ደጋ ደሾ ሳርና ትሪሉሰርን የተባለው ቁጥቋጦ ይስማማሉ፤ ሁለቱም ለከብት መኖ ይሆናሉ። ደሾ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ በአንድ ረድፍ ቢተከል ለ500 ሜትር 5,000 ግንጣይ ያስፈልጋል። ሁሉንም መግዛት አያስፈልግም፤ በመጀመሪያው ክረምት ጥቂቱን ገዝተው በጓሮ ካባዙት በሁለተኛው ዓመት ለጎረቤትም ይተርፋል። ከዚያ የሽቦ ጋቢዮን (ድንጋይ የሚሞላበት የሽቦ ቅርጫት)፣ ሲሚንቶ፣ አካፋና ዶማ፣ የድንጋይ ማጓጓዣ ይመጣል። ለጋቢዮን ሥራ የመሐንዲስ ንድፍ ዋጋ መመደብም የግድ ነው።

ስለ ቦረቦር አንድ ምክር ልጨምር። ጋቢዮን ገዝቶ ከቦረቦሩ አፍ ላይ መጀመር የተለመደ ነው፤ ስለሚታይ፣ ፎቶግራፍም ስለሚወጣለት። ከላይ ያለው ዳገት እርከን ካልተሠራለት ግን ጎርፉ ያንን ሽቦ ጎኑን ዞሮ ይሄዳል፣ ገንዘቡም አብሮ ይሄዳል። ሥራው ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ክትሮቹም ሲሰደሩ የታችኛው ክትር አናት ከላይኛው ክትር እግር ጋር በከፍታ እኩል መሆን አለበት፤ ይህን ውኃ ልኩ ራሱ ያሳያል። ብዛታቸውን በዚህ መንገድ ሳይቆጥሩ በጀት አይጻፍም።

3. «መሬቱ ነገ ለከተማ ቢወሰድስ?»

በአዲስ አበባ ዙሪያ ይህን ጥያቄ የማይጠይቅ አርሶ አደር የለም፤ መጠየቁም ትክክል ነው። ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታና ለገጣፎ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ሲጠቃለሉ ብዙ ማሳ በከተማ ክልል ውስጥ ገብቷል። ለሚወሰድ መሬት ለምን እደክማለሁ የሚለውን ሐሳብ የሚመልሰው ሕጉ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 7 ማንም ኢትዮጵያዊ በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬት ላይ ላደረገው ቋሚ መሻሻል መብት እንዳለው ይደነግጋል። ለሕዝብ ጥቅም ስለሚለቀቅ መሬት የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011ም ካሣን የሚያስበው በመሬቱ ላይ ለሰፈረው ንብረትና ለተደረገው ቋሚ ማሻሻያ ነው።

ነገር ግን ማስረጃ የሌለው እርከን በግምት ጊዜ ሊዘለል ይችላል። ስለዚህ ሥራው ከመጀመሩ በፊት፣ በሥራው መካከልና ካለቀ በኋላ ከአንድ ቦታ ቆመው ፎቶግራፍ ያንሱ። የሠራተኛ ስምና ቀን በደብተር ይመዝግቡ። የግዢ ደረሰኞችን ከይዞታ ማረጋገጫ ደብተርዎ ጋር ያኑሩ። ሥራው ሲያልቅ የቀበሌው የልማት ባለሙያ የእርከኑን ርዝመት ጽፎ እንዲፈርምበት ይጠይቁ። ይኸው ሰነድ ለለጋሽም ለባንክም ያገለግላል፤ አንድ ጊዜ ተሠርቶ ሦስት ቦታ ይገባል።

የይዞታ ደብተር የሌለው ሰው ሌላውን ሁሉ ትቶ በመጀመሪያ እሱን ያውጣ። ባለትዳሮች ከሆናችሁ የሁለታችሁም ስም በደብተሩ ላይ መኖሩን አረጋግጡ፤ ብድር ሲመጣ የሁለታችሁም ፈቃድ ይጠየቃል።

4. ከላይና ከታች ካለው ጎረቤት ጋር ይስማሙ

ጎርፍ የማሳ ድንበር አያውቅም። የእርስዎ እርከን ተሠርቶ የላይኛው ጎረቤት ማሳ ባዶ ከሆነ የሱ ጎርፍ የእርስዎን እርከን ይጥሰዋል። ከዚህም ሌላ ድጋፍ የሚሰጡ ድርጅቶች ለግለሰብ ገንዘብ አይሰጡም። ስለዚህ አንድ ንዑስ ተፋሰስ የሚጋሩ ቤተሰቦች መሰባሰብ አለባቸው። አስቀድሞ የተቋቋመ የመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበር ወይም የተፋሰስ ተጠቃሚዎች ማኅበር ካለ አዲስ አያቋቁሙ፤ በእሱ ይጠቀሙ። ከሌለ በአዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት በኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት በኩል መመዝገብ ይቻላል። ዕድሩ ደግሞ ትልቅ ኃይል ነው፤ ሕጋዊ አመልካች ባይሆን እንኳ ሰው የሚሰማው እሱን ነው።

የማኅበሩ ውስጠ ደንብ ልብ የልቅ ግጦሽ ጉዳይ ነው። ከአጨዳ በኋላ ከብት በእርከን ላይ ከተለቀቀ በጥር የተሠራው በመጋቢት ይፈርሳል። በደንቡ ላይ ማን ከብቱን ከየት እስከ የት እንደሚያስር፣ እርከን ያፈረሰ ምን እንደሚከፍል፣ ከእርከኑ የታጨደው ሳር ለማን እንደሚሆን በግልጽ ይጻፍ። መሬት የሌላቸው ወጣቶች ከቦረቦሩ ውስጥ ሳር የማጨድ ወይም ንብ የማነብ ድርሻ ቢሰጣቸው ጥበቃው በራሱ ይመጣል። ድርሻ ያልተሰጠው ሰው ለምን ይጠብቅ?

5. የመንግሥትን ድጋፍ በወቅቱ ይጠይቁ

የተፋሰስ ልማት ዘመቻ በአብዛኛው በጥርና በየካቲት ይካሄዳል። ለዘመቻው የሚመረጠው ቦታ ግን የሚወሰነው ቀደም ብሎ ነው። በጥር ሄዶ «እኛንም አስገቡን» ማለት ዘግይቷል። አዝመራው ሳይገባ፣ በጥቅምት ወይም በኅዳር መጀመሪያ የለካችሁትን ይዛችሁ ወደ ቀበሌው የልማት ባለሙያ ሂዱ። ተዳፋቱ ተለክቶ፣ እርከኑ ተቆጥሮ፣ የቤተሰቦቹ ፊርማ ተሰብስቦ የመጣለት ባለሙያ ያንን ቦታ ከዕቅዱ ለመተው ይከብደዋል።

በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ከ60 በመቶ በላይ ተዳፋት ያለው መሬት ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውል፣ ከ31 እስከ 60 በመቶ ያለው ደግሞ የጠረጴዛ እርከን (እንደ ደረጃ የተደለደለ እርከን) ተሠርቶለት ብቻ እንዲታረስ ደንግጎ ነበር። የገጠር መሬትን በአዲስ መልክ የሚያስተዳድረው አዋጅ ቁጥር 1324/2016 ቢወጣም እነዚህ ቁጥሮች ከባለሙያ ጋር ለመነጋገር ጥሩ መነሻ ናቸው። ዳገታችሁ በዚህ ክልል ውስጥ ከሆነ በጥያቄያችሁ ላይ ጥቀሱት።

ከወረዳው ወይም ከክፍለ ከተማው ግብርና ጽሕፈት ቤት የሚጠየቀው ጥሬ ገንዘብ አይደለም። የቅየሳ ባለሙያ፣ የመኖ ዘርና ግንጣይ፣ የእጅ መሣሪያ ውሰትና ችግኝ ነው። ችግኙ በአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብር በኩል ይመጣል፤ ሆኖም የሚሰጣችሁን ሁሉ አትቀበሉ። በእርከን ላይና በምንጭ ዳር ባሕር ዛፍ አይተከልም፤ ውኃውን ይመጥጣል፣ አጠገቡም ሰብል አይሆንም። የሀገር በቀል ዛፍና የመኖ ተክል በጊዜው አስመዝግቡ። ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም ባንክና በሌሎች አጋሮች ድጋፍ የተካሄዱት የዘላቂ መሬት አያያዝ ፕሮጀክቶች የሚሠሩት በተመረጡ ወረዳዎች ነው። ወረዳችሁ ካለበት አንድ ጥያቄ ብዙ በር ይከፍታል።

6. ብድር፦ ለሚመልሰው ነገር ብቻ

እዚህ ላይ ቆፍጠን ማለት ያስፈልጋል። ለቦረቦር ክትር ብድር አይወሰድም። ክትሩ የሚጠቅመው ታች ያለውን ሁሉ ነው፤ ዕዳው ግን በአንድ ቤተሰብ ላይ ይወድቃል። ብድር የሚወሰደው በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ውስጥ ገቢ ለሚያስገኝ ሥራ ነው፤ ከእርከኑ በሚታጨደው ሳር ለምትቀለብ የወተት ላም ወይም ለቀፎ።

ከእበት የማብሰያ ጋዝ የሚያወጣው የባዮጋዝ ማብላያም ከዚህ ጎራ ነው። በሱሉልታ፣ በሆለታና በሰበታ ወተት የሚያመርቱ ቤተሰቦች እበቱን ወደ ጅረት ሲለቁት ውኃውን ይበክለዋል። አራት ከብት ያለው ቤተሰብ ባለ 6 ሜትር ኩብ ማብላያ ሊመግብ ይችላል። ማገዶ ይቀራል፤ ዝቃጩ ማዳበሪያ ይሆናል። ለማብላያ ግንባታ በብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም በኩል ድጎማ ሲሰጥ ቆይቷል፤ በክልሉ የኢነርጂ ጽሕፈት ቤት ጠይቀው የድጎማውን መጠን ካወቁ በኋላ የጎደለውን ብቻ ይበደሩ።

የት? መጀመሪያ የራስዎ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር። ቀጥሎ ከገጠር ብድርና ቁጠባ ተቋምነት ወደ ባንክነት ያደገው ሲንቄ ባንክ፣ እንዲሁም የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክ አሉ። ወለድ ለማይቀበሉ ሰዎች ከወለድ ነፃ አገልግሎት የሚሰጡ ባንኮች አሉ። ዋስትናን በተመለከተ በአዋጅ ቁጥር 1147/2011 ከብትና የእርሻ ምርት ጭምር በተንቀሳቃሽ ንብረት መያዣነት ሊመዘገቡ ይችላሉ፤ አዲሱ የገጠር መሬት አዋጅም የመጠቀም መብትን በመያዣነት ማስያዝ ፈቅዷል። የመጠቀም መብትን ማስያዝ ግን የመጨረሻው አማራጭ ይሁን። ላም ብትሞት ላም ትገዛለች። የመክፈያውን ጊዜ ከአዝመራ በኋላ፣ በታኅሣሥና በጥር እንዲሆን ይጠይቁ፤ በሐምሌና በነሐሴ የሚከፈል ዕዳ እህል በውድ ያስገዛል፣ ከብትም በርካሽ ያሸጣል።

7. ከለጋሽ መጠየቅ

በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በኩል የሚሠራው የዓለም አቀፉ የአካባቢ ፋሲሊቲ የአነስተኛ ድጋፍ ፕሮግራም ለእንዲህ ዓይነት ሥራ የታሰበ ነው። ለማኅበረሰብ ድርጅቶች የሚሰጥ ሲሆን ለረጅም ዓመታት የአንድ ፕሮጀክት ጣሪያው 50,000 የአሜሪካ ዶላር ነበር። የጃፓንና የአውስትራሊያ ኤምባሲዎችም ለአነስተኛ የማኅበረሰብ ፕሮጀክቶች የሚሰጡት ገንዘብ አላቸው። ሁሉም የተመዘገበ ድርጅትና የባንክ ሒሳብ ይጠይቃሉ። ማኅበራችሁ ይህን ካላሟላ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ከተመዘገበ የአገር ውስጥ ድርጅት ጋር በመግባቢያ ሰነድ ተያይዛችሁ አመልክቱ።

በመጀመሪያው ደረጃ ላይ የጻፋችሁትን የታች ተጠቃሚዎች ዝርዝር አሁን አውጡት። የውኃ ፋብሪካውና የአበባ እርሻው ከእናንተ ዳገት የሚሰርገውን ውኃ ይጠቀማሉ። ናይሮቢ ይህን መንገድ ጀምራዋለች። በ2007 ዓ.ም. በተቋቋመው የላይኛው ታና (የኬንያው ታና ወንዝ) የውኃ ፈንድ ከታች ያሉት ተጠቃሚዎች ከላይ ላሉት አርሶ አደሮች እርከንና ሳር ገንዘብ ያዋጣሉ። እኛ ዘንድ ፈንዱ እስኪመጣ ሳይጠብቁ ከአንድ ፋብሪካ ጋር አንድን ዳገት በተመለከተ መነጋገር ይቻላል። የሚጠየቀው ትንሽና የተቆጠረ ይሁን፤ ይህን ያህል ጥቅል ሽቦ፣ ይህን ያህል መኪና ድንጋይ።

ማመልከቻው ከሁለት ገጽ አይብለጥ። ቦታው፣ የቤተሰቦቹ ብዛት፣ የተለካው ተዳፋትና የእርከን ርዝመት፣ በብር የተተመነው የጉልበት መዋጮ፣ የሚጠየቀው ዕቃ ከነዋጋው፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ማን እንደሚጠግነው ይጻፍ። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይረሳል። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው፤ አንድ ክረምት ያልተጠገነ እርከን ጎርፉን አጠራቅሞ በአንድ ቦታ ስለሚለቀው ካልተሠራው የባሰ ጉዳት ያደርሳል።

8. ገንዘቡ ከመጣ በኋላ

የማኅበሩ ሒሳብ በሁለት ወይም በሦስት ሰዎች ፊርማ ይንቀሳቀስ፤ ከፈራሚዎቹ አንዷ ሴት ብትሆን ጥሩ ነው። እያንዳንዱ ግዢ በደረሰኝ ይሁን። ዋጋው በዕድሩ ስብሰባ ላይ ይነበብ። ለጥገና ከጠቅላላው ላይ የተወሰነ ገንዘብ ሳይነካ ይቀመጥ።

ሳሩ የሚተከለው አፈሩ ከረጠበ በኋላ፣ በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ ነው። የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በጣለ ማግስት ከውስጠ ደንቡ ኮሚቴ ጋር እርከኖቹን በሙሉ ይዙሩ፤ የተጣሰው ቦታ በዚያው ቀን ይደፈን፣ ቦታውም በደብተር ይመዝገብ። አንድን ጠርሙስ ከማሳው ግርጌ ከሚወጣው ውኃ ሞልተው አንድ ቀን ያስቀምጡትና ከታች የተቀመጠውን ደለል በማስመሪያ ይለኩ። ሳይታከም ከቀረው የጎረቤት ዳገት በዚያው ሰዓት የተቀዳ ሌላ ጠርሙስም ያስቀምጡ። የሁለቱን ፎቶግራፍ ከነቀኑ ከመስከረሙ ሪፖርት ጋር አያይዛችሁ ለድጋፍ ሰጪው ላኩ፤ የሁለተኛው ዙር ክፍያ ጥያቄም በዚሁ ደብዳቤ ይጻፍ።